አስፋው ጌታ የሆነ ዕለት

አስፋው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ለፊታውራሪ ካሣ መታዘዝ። አባቱም ለአባታቸው እንዳደገደገ ነው የሞተው። መሬት ላራሹ ታውጆ አገሬው ሁሉ በጌታው ላይ ሲነሣ፣ እሱ ፊታውራሪን በበቅሎ አስቀምጦ የሱዳንን ድንበር አሻገራቸው። ፋሽጋ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ሰሊጥ አራሚ ሆኑ። ለሰው ዓይን ማለት ነው።

ፊታውራሪ በደርግ የሚፈለጉ ሰው ናቸው። ማንነታቸው ከታወቀ ታፍነው መወሰዳቸው ነው። ስለዚህ በሰው ፊት «አንተ ካሣ» እንዲላቸው አዘዙት። ምላሱ እየተሳሰረ ይላል። ጭንቅ ነው! ቢያከብራቸው ያስበላቸዋል፤ ቢዳፈራቸው አንጀቱ ይቆረጣል።

ያን ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ትራክተሩ ጭቃ ሲውጠው፣ ሠራተኛው ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተጠልሎ ጌታና አሽከር መጫወት ያዘ። አንዱ ጌታ ይባላል፣ ሌላው አሽከር፤ የቀረውን አፋቸው እንዳመጣላቸው ነው።

«አስፋው ጌታ፣ ካሣ አሽከር!» ተባለ አንድ ቀን።

እምቢ ማለት ያስጠረጥራል። በተለይ ያ ሰሞኑን ከመተማ መጣሁ ያለው፣ ሰሊጥና አረም የማይለይ ሰውዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ እያየ።

አስፋው ዳሱ ውስጥ ያለው የጠፍር አልጋ ላይ ተኮፈሰ፤ ተቆጣ፣ አሽሟጠጠ፣ ሰዉን አሳቀ። ለምን አይችልበት፣ ስንት ዓመት ያየው ነገር ነው! ፊታውራሪ ግን ኢብሪቁን፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ፣ ይዘው እጁን ሊያስታጥቡት ጎንበስ ሲሉ ጨዋታ መሆኑን ረሳው። ብድግ አለና ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አደገደገ።

«ጌታው ለአሽከሩ ተነሣ!» ሠራተኛው በሳቅ ፍርስ አለ። ሰውዬው አልሳቀም።

ፊታውራሪ ፈጠን ብለው ውሃውን እግሩ ላይ ደፉት።

«አጠፋሁ ጌታዬ፣ አስነሣሁዎት! ይምቱኝ!» አሉ። ዓይናቸው ግን ያዝዝ ነበር።

አስፋው በጥፊ መታቸው። ከንፈራቸው ደማ። ያኔ ሰውዬውም ሳቀ፤ በሳምንቱ ባዶ እጁን ሄደ።

አስፋው እሱ መሄዱን እንዳረጋገጠ፣ ሰሊጡ መሃል እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እጄን ይቁረጡልኝ» አለ እያለቀሰ።

«ሰው እየመጣ ነው። ተነሥ!»

ታዘዘና ተነሣ። የአራሚዎቹ ድምፅ እየቀረበ ነበር።

«አንተ ካሣ! ምን ይገትርሃል? ወደ ሥራህ!» ብሎ ጮኸ፣ እንባውን ሳይጠርግ።

ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ማረም ጀመሩ። አስፋውም አጠገባቸው ያርም ጀመር፤ እንደ ልማዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ።