የክርስትና ልጄ መስቀልና ሁለቱ ኳርተሮች

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ለክርስትና ልጄ የአንገት መስቀል ላሠራ ሁለት ኳርተር፣ ማለትም ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ይዤ አንጥረኛው ጋሼ ታምራት ጋ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ታክሲ ሲነዳ በቲፕ ያገኛቸው፣ ለሰብሳቢ ተብለው የሚሠሩ፣ ፕሩፍ የሚባሉ እንደ መስታወት የሚያበሩ ሳንቲሞች ናቸው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ሁለቱም ብር ናቸው ብዬ ለእናትየው አውርቻለሁ። ክርስትናው እሁድ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። "ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የጫርሻቸው?"

"በጥርስ ሳሙና ፈትጌያቸው ነው፣ እንደ ሀብሌ።"

"ሰብሳቢ ቢያይሽ ያለቅስ ነበር። እኔስ ለማቅለጥ ነው።"

ከዚያ ሳንቲሞቹን እያገላበጡ ያዩ ጀመር። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ሁለቱም ብር ካልሆኑ እሁድ ባዶ እጄን ልቆም ነው።

"ፊታቸውን ተይው፣ ሁለቱም ያበራሉ። ጠርዛቸውን እዪ።"

የአንዷ ጠርዝ መሃሉ ላይ ቡናማ መስመር አለው። ውስጧ መዳብ ነው፤ ክላድ ይሏታል። የሌላዋ ጠርዝ ዙሪያውን ነጭ ነው።

"ይቺ ብር ናት። ለሕፃን አንገት ትበቃለች።"

እልል ልል ስል የፓርኪንግ ሰዓቴ ሊያልቅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ክላዷን ይዤ ሮጬ ወጥቼ የፓርኪንግ ሂሳብ መክፈያው ሚተር ውስጥ ልከታት ስል እጄን መለስኩና ጠርዟን እንደገና አየሁ። አላስቻለኝም፤ ተመልሼ ገብቼ ጋሼ እጅ ያለችውንም አየሁ።

"ሂጂ፣ የቅጣት ቲኬት ሳይጽፉብሽ" አሉኝ።

እናንተስ ብር ነው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ምን አለ? መጀመሪያ ጠርዙን እዩና ንገሩኝ።