ንጋቱ ለሸክላ ሠሪዎቹ የሰጣቸው ስም

ታላቅ ወንድሜ ንጋቱ ግትር ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ የቅዱስ ታሪክ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ ቅዱስ አይደለም። ሚስት አላገባም፤ ሰቆጣ ዳር ከእኔ ቤት እየኖረ ልጆችን ፊደል ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄዶ፣ በፃግብጂ መንገድ ገደሉ ሥር ወዳለችው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ይወርዳል።

ስለዚያች መንደር የሚባለውን እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። እንስራቸውን እንገዛለን፤ ቤታቸው ግን እህል አንቀምስም። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባላል። ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሲያስቀድሱ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነው።

ንጋቱን ይህ ነገር አንገበገበው። ወንጌሉን ይዞ ወረደ፤ ግን ለስብከት አልቸኮለም። ጭቃ ሲረግጡ አብሮ ረገጠ፤ የሰጡትን በላ። ከወራት በኋላ ነው እነሱው ያንብቡልን ያሉት። እሱም በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ እየተረጎመ አነበበላቸው፤ ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ፊደል አስቆጠራቸው።

"ለሰው ጭቃ ከምትረግጥ የኔን ጤፍ ብታጭድልኝ ምን ነበረበት?" እለው ነበር። ስቆ ያልፈኛል።

አንድ ቀን በጸሎት ሊያስባቸው የሁሉንም የክርስትና ስም ጠየቀ፤ አምነው ሲነግሩትም ጻፈ። ያን ጊዜ ደብሬ የምትባል፣ ከሁሉም ቀድማ ማንበብ የቻለች ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ፣ "የኔታ፣ እርስዎ በስማችን ይጸልዩልናል። እኛስ እርስዎን በምን ስም እናስብዎ?" አለችው።

እኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ባለቤቱን ይጎዱበታል ተብሎ ይፈራል። የንጋቱን የሚያውቁት የሞተችው እናታችንና የነፍስ አባቱ ብቻ ነበሩ፤ እኔ ወንድሙ እንኳ አላውቀውም። እሱ ግን ለደብሬ ነገራት። ቤት መጥቶ፣ ስሙን ሳይገልጥልኝ መንገሩን ብቻ ሲያወራኝ በጣም ተናደድኩ።

በመስከረም ታመመ። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጡት። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬዎቼን ውሃ ሳጠጣ ከገደሉ በኩል፣ "አሥራተ ማርያም!" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ሰው የለም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሰማሁት፤ ቀርቦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጓሯችን ቁልቋል አጥር መጣ። የሚጠሩት በዝተዋል፤ የልጆች ድምፅም አለበት። በሬዎቹ ውሃውን ትተው ጆሯቸውን ወደ አጥሩ ቀስረው ቆሙ። አሥራተ ማርያም የሚባል ሰው በሰፈራችን የለም። ፈራሁ።

የንጋቱ ትኩሳት አልበርድ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ መድኃኒት አዋቂውን አያ ትእዛዙን አስጠራ። ሕመምተኛው በመድኃኒት ሥር ጭስ ይታጠናል፤ የበላው ቡዳ በራሱ በሕመምተኛው አፍ ስሙን ይናገራል። ከዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ስሟ የወጣ አንዲት ሴት ቤቷ ተቃጥሎ ነው ከአገር የጠፋችው። ንጋቱ ይህን ያውቃል። ጭሱ ሳይቀርብ እጄን ጨበጠኝ።

"ደግሰው ወንድሜ፣ ትኩሳቱ ያስለፈልፈኛል። ደብሬን ልጠራት ስል አፌን ያዝልኝ" አለኝ።

እሺ አልኩት። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲጠራት ፈልጌ ነበር።

አያ ትእዛዙ ጭሱን አፍንጫው ሥር አድርገው፣ "ማነህ?" አሉ። ንጋቱ ይንቀጠቀጣል። "ማነህ አንተ? ተናገር!" እጄን ከአፉ አርቄ ጠበቅሁ። ጥርሱን ነክሶ ከራሱ ጋር ታገለና፣

"አሥራተ ማርያም" አለ።

የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

"የማን ስም ነው? የትኛዋ ሸክላ ሠሪ ናት?" አሉ አያ ትእዛዙ።

ንጋቱ ዓይኑን ገለጠ። ጥርት ያለ ዓይን ነበር። "የኔ ነው" አለ። "ክርስትና ስነሣ የወጣልኝ። የበላኝ እኔው ነኝ።"

አያ ትእዛዙ ጭሱን አጥፍተው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ንጋቱ ኪኒኑን ጨርሶ ዳነ። ደብሬን ማንም አልነካት። ስሙ የወጣው ግን እሱ ነውና ቡዳው እሱ ሆነ። ጎረቤት መጠጫውን ለየበት። እኔም ቤት ዋንጫው ለብቻው ተቀመጠ፤ ሚስቴ ናት የለየችው እላለሁ፣ የለየሁት ግን እኔ ነኝ። እሱም ይህን አይቶ፣ በሳምንቱ ልብሱንና መጽሐፉን ይዞ ወደ መንደሯ ወረደ።

ኅዳር ላይ ናፍቆኝ ልጠይቀው ሄድኩ። ደብሬ ጠላ ቀዳችልኝ፤ ዓይኗን ሳላይ ጠጣሁ።

"መታመሙን ሰምታችሁ ነበር?" አልኳት።

"እንዴታ። ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን በስሙ እንለምንለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጆቹንም ጨመርናቸው።"

ከዚያ እስከ ቤቴ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ድምፅ አይደርስም።

ደብሬ ደብተሯን ገለጠች። "እርስዎንስ በምን ስም እናስብዎ?"

ደጃፉ ላይ ጭቃ ይረግጥ የነበረው ንጋቱ ቆም ብሎ አየኝ።

"ገብረ ኢየሱስ" አልኳት። አመስግና ጻፈችው። የክርስትና ስሜ አይደለም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ድምፆቹ ከገደሉ በኩል ይጣራሉ። "ገብረ ኢየሱስ!" እያሉ እስከ ቁልቋሉ አጥር ይመጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይመለሳሉ። ወጥቼ እውነተኛውን ስም ልነግራቸው እነሣና አፌ አይከፈትልኝም። በራሴ አፍራለሁ።

ትናንት ሚስቴም ሰማቻቸው።

"ማንን ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኳት።