የአጎቴ ታክሲ የቀኝ መብራት

አባቴ የመኪና የፊት መብራት ያድሳል። ፀሐይ ያደበዘዘውን፣ ድንጋይ የሰነጠቀውን ፕላስቲክ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በጨርቅ ወልውሎ ጥርት አድርጎ ይመልሰዋል። ፕላስቲክ መሆኑን እያወቀ «መስታወቱ» ነው የሚለው። ለሚስቱ እንኳ ይህን ያህል አይጠነቀቅም። ይህን ያለችው እናቴ ናት፤ እኔ የለሁበትም።

«አዲስ ግዙ» የሚል ሰው ጠላቱ ነው። ዋናው ጠላቱ ደግሞ ቤታችን በር ላይ ካለችው ሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ነው። የያዘውን ዕቃ ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ስለሚል ስሙም ኦሪጅናል ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ከተኮራረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን እየተያዩ ነው የሚውሉት።

የታሸገ መብራት የሚከፈተውም ተመልሶ የሚገጠመውም ሙጫው በሙቀት ሲለሰልስ ነው። አባቴ ለዚህ የሚጠቀመው እኔና እናቴ ለሽያጭ ዳቦ የምንጋግርበትን ኦቨን ነው። ስለዚህ ቤታችን አንድ ሕግ አለው፤ ሳይከፍቱና ሳያዩ ማቀጣጠል ክልክል ነው። ዳቦ ልታወጣ ስትከፍት የፒክአፕ መብራት ያፈጠጠባት ጎረቤታችን ሁለተኛ ልትረዳን አልመጣችም።

ባለፈው ወር የእናቴ ወንድም ታክሲ በቀኝ መብራቱ ምክንያት ምርመራ ወደቀ። እስከ ዓርብ ካላለፈ ከመስመሩ ይሰረዛል። አጎቴ ደግሞ አምስት ልጆች አሉት፤ ሌላ ሥራም አያውቅም። አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን መስታወት ሲፍቅና ሲወለውል ከረመ። ሐሙስ ጠዋት ስንጥቁ የት እንደነበረ ፈልጌ አጣሁት። ገጥሞ ለብ ባለው ኦቨን ውስጥ አስቀመጠውና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

እኔ ገባሁና ሳልከፍት አቀጣጠልኩ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽታው ሲመጣ ሮጠን ከፈትነው። መስታወቱ እንደ ሻማ ቀልጦ በኦቨኑ መደርደሪያ ሽቦ መሃል ይንጠባጠባል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታውን አልችለውም ነበር። አባቴ ጥቂት አየውና፣

«ዳቦውን አሁን አታስገቢ፤ ይሸትብሻል» አለኝ።

ከዚያ ኮቱን ለብሶ መንገዱን ተሻገረ። ተከተልኩት። ኦሪጅናል ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያጠራቅም የኖረውን ሊያወርድብን ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«ግራ ነው ቀኝ?» አለ።

«ቀኝ» አለ አባቴ።

ዓርብ ታክሲው አለፈ። አጎቴ ከምርመራው በቀጥታ እቤት መጣ፤ ጎረቤቶችንም አስከትሏል።

«ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ! መርማሪው ራሱ ‹አዲስ ነው እንዴ?› አለኝ እኮ!»

አባቴ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እናቴም በዓይኗ ዝም እንዲል ለመነችው።

«አዲስ ነው» አለ። «ከኦሪጅናል ነው የገዛሁት።»

የአጎቴ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። «አንተ የሠራኸውስ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። «ኦቨን ውስጥ ረስቼው ቀለጠ። እርጅና ነው መቼም።»

ሁሉም ሳቀበት። አንዱማ በሚቀጥለው ራሱንም ኦቨኑ ውስጥ እንዳይረሳ መከረው። ስለ ሥራው መዋሸት ያልሆነለት ሰው ለእኔ ሲል ዋሸ። እንባዬ መጣ።

«እኔ ነኝ ያቀጣጠልኩት» አልኩ።

«አንቺ ሻዩን አምጪ» አለኝ አባቴ።