ያጋተ ጡት

የመጀመሪያ ልጄ ደሴ ከተማ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ባሌና ወንድሙ ወስደው ቀበሩት። እኔ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ተመለስኩ። ያኔ ክር ፋብሪካ ነበር የምሠራው።

እናቴ ከኩታበር መጥታ ፍራሽ አንጥፋ ጠበቀችኝ። ጎረቤቶቼና የፈረቃ ጓደኞቼ እየተከታተሉ ገቡ። ሁሉም የሚለው ነበረው። አንዷ «የአላህ ቀደር ነው፣ ሶብር አድርጊ» አለችኝ። ሌላዋ «ጀነት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል» አለች። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን «ወላሂ መቆሙ ነው፤ ፈረቃውን ሙሉ ማሽኑ ስር መቆምሽ ነው የገደለው» እያለች አለቀሰች። አከራያችን ወደ እናቴ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አይቆጡኝና፣ እርግዝናዋን ቶሎ አውርታው ይሆን? የሰው ዓይን ክፉ ነው» ስትላት ሰማሁ።

 እኔ ሁሉንም አመንኩ። መቆሜንም፣ ማውራቴንም፣ ሶብር ማጣቴንም።

ወተት እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ጡቴ አግቶ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት ያዘለችው ሕፃን ድንገት ሲያለቅስ፣ ወተቱ ቀሚሴን አርሶ ወረደ። ሻርፔን ጎትቼ ልሸፍነው ሞከርኩ፤ እሱንም አራሰው።  የሕፃኑ እናት ደንግጣ ብድግ አለችና ሳትሰናበት ወጣች። ሌሎቹ ወለሉን ወለሉን ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ሞቶ፣ ገላዬ ግን ምንም ያልሰማ ይመስል ነበር።

እናቴ «አላህ ይስጣችሁ፣ አሁን ትንሽ ትረፍ» ብላ ሰዉን ሸኘች። በሩን ዘጋችና ነጠላዋን አጣጥፋ ደረቴን ጥብቅ አድርጋ ታስረኝ ጀመር።

«እማ፣ አፈርኩ» አልኳት።

«እኔም አፍሬ ነበር።»

«መቼ?»

«ካንቺ በፊት። ሞታ የተወለደች፣ ሴት ነበረች።»

ዞሬ ላያት ስል ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። ማሰሯን አላቆመችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አገሩ ሁሉ ምን አጥፍታ ነው እያለ ሲያየኝ ከረመ። አንቺ ስትወለጂ ሰው ረሳልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሆነብን?»

«እንጃ ልጄ። አላህ ያውቃል። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።»

ይህን ብላ ነጠላውን ቋጠረችና ከኋላዬ ተቀምጣ አለቀሰች። የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ሳይከብደኝ የገባኝ ይኸው «እንጃ» ያለችው ብቻ ነበር።

ወተቱ ቀስ በቀስ ደረቀ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዛሬ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ አለችኝ። ሰው «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲለኝ «አንድ» እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ሁለት ብል ግን፣ ሁለተኛውስ የት አለ ሲሉኝ የምመልሰውን አላውቅም።