ካቦ ሳህሌ ለፓርላማ የተወዳደረ ጊዜ

አባቴ ሳህሌ የምድር ባቡር ካቦ ነበር። ካቦ ማለት የሀዲድ ሠራተኞች አለቃ ነው። ከአቃቂ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ዱከም የሚወስደውን መስመር ከሰዎቹ ጋር በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ጎርፍ የወሰደውን ጠጠር ይመልሳል፣ ሀዲድ ላይ የተኛ ከብት ያስነሣል። ማታ ቤት ሲገባ ጫማው ዘይትና ብረት ይሸታል። ዛሬም በጋራዥ በኩል ሳልፍ ያ ሽታ ከመጣብኝ ቆም እላለሁ።

ያን ጊዜ አቃቂ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረባት። አንደኛው ከጥንት ጀምሮ መሬቱን ሲያርስ የኖረ ነው፤ ሌላው እንደ እኛ ባቡሩንና ፋብሪካውን ተከትሎ የመጣ። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ዕድሩ ነው። የዕድሩ ዳኛ አባባ ነበር። ምክትሉ ኦቦ ቡልቻ ናቸው፤ ወንዙ ዳር ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ፣ አፋቸው የማያርፍ፣ አባባን ሲያበሽቁ የሚውሉ ሰው። አባባ ቀልድ አይችልም። ለዚህ ይሆናል የሚዋደዱት።

ዕድሩ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ጥሩንባ ከተነፋ አባል የሆነ ሁሉ ሥራውን ትቶ ሟች ቤት ይገኛል፤ ቀብር ሳይፈጸም ማንም አይሄድም። ድንኳን የሚተክል ይተክላል፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ይቆፍራል፣ ሥራ ያልደረሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል። «ዝም ብሎ መቀመጡም ሥራ ነው» ይል ነበር አባባ። አሁን እኔ በምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ሰው ሲሞት በስልክ እንነጋገራለን። ድንኳኑ ከሕንፃው ሥር ይተከላል፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ከቀብር መልስ ሰው ከመንገድ ላይ እየወረደ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማንንም አልወቅስም። ሰው ካልሠራ ምን ይበላል? ብቻ ያንን ዝም ብሎ መቀመጥ አንዳንዴ እናፍቀዋለሁ።

የምርጫው ነገር የጀመረው በሮሪሳ ነው። ሮሪሳ የኦቦ ቡልቻ የእኅት ልጅ ሲሆን በአንዱ ፋብሪካ ክር ክፍል ይሠራ ነበር። ጎረቤቱ ሞቶ ጥሩንባ ሲነፋ ከፈረቃው ወጥቶ ቀብር ሄደ። በማግሥቱ ከበር ላይ መለሱት። አባባና ኦቦ ቡልቻ ሌሎች ሽማግሌዎች ይዘው ሊለምኑለት ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ እስኪጨርሱ አዳመጣቸው። ከዚያ እንዲህ አላቸው፤ «አባቶች፣ የእናንተ ዕድር ደንብ አለው፤ የእኔም ፋብሪካ ደንብ አለው። ከሁለቱ የሚበልጥ ሕግ ካለ አምጡልኝና ልጁን እመልሳለሁ።»

ሀዲዱን ይዘው ሲመለሱ ኦቦ ቡልቻ፣ «ሕግ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው ጠየቁ።

«ሕግ የሚወጣው ፓርላማ ነው» አለ አባባ።

«እንግዲያው ገብተህ አውጣልን።»

«ማን ያስገባኛል?»

«እኛ ነና። ሰኔ ላይ ምርጫ አለ ሲሉ አልሰማህም? ደግሞ ሀዲድ ስታይ ኖረህ አንገትህ ጎብጧል፤ ትሑት ነው ብለው ይመርጡሃል።»

ኦቦ ቡልቻ ቀልደው ረሱት። አባባ ግን እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ሄዶ ተመዘገበ። ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው። ያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በራሱ ስም ነው የሚቀርበው። ሕዝቡ አብዛኛው ማንበብ ስለማይችል እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ይይዛል። አባባ አካፋ መረጠ።

እናቴ አሰጋሽ ስትሰማ፣ «ከስንቱ ነገር አካፋ? መቃብር ቆፋሪ ነው ይሉሃል» አለችው።

«ቆፍሬ የለም ወይ?» አላት።

የቅዳሜ ገበያ ሲበተን ከጣቢያው ፊት ለፊት ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ሰው ተሰበሰበ። አባባ የጠጠር ክምር ላይ ወጣ። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም አላለፍኩም። አባባ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል።

«እኔ አዲስ ነገር አላመጣላችሁም» ብሎ ጀመረ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ለቀብር የሄደ ሰው ከሥራው መባረር የለበትም አለ። ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲጣሉ ክስ ሳይከፈት በፊት ሽማግሌ ይያቸው አለ። እሑድ ማሽን አይዙር፤ መሬት ለመጋዘን ሲፈለግ የሚያርሰው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሴት ልጅ በሌሊት ፈረቃ አትግባ። ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «ካቦ፣ መብራትስ?» ብሎ ጠየቀ።

«መብራት ይመጣል። እኔ ባልልም ይመጣል።»

«ውሃስ?»

«ውሃም ይመጣል። የሚመጣውን የሚያመጣ ሞልቷል። እኔ የምለው፣ የሚሄደውን ማን ይያዘው ነው።»

«እንግዲያው ባቡሩን ያዙልን፣ ሁልጊዜ ጥሎን ነው የሚሄደው» አለ ጎረምሳው። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ቡልቻ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የሴቶቹን የሌሊት ፈረቃ ሲያነሣ አንዳንድ ሴቶች አጉረምርመው ነበር። እናቴም ቤት ከገባን በኋላ፣ «የሌሊቱን ካስቀረህባቸው የቀኑን ማን ይሰጣቸዋል?» አለችው። እኔ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ፋብሪካ ስቀጠር የተሰጠኝ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚያው ነው። ስለዚህ አባባ ያለው ሁሉ ልክ ነበር አልልም። ግን ንጋት ላይ ጥጥ ፀጉሬ ላይ ተጣብቆ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ቤት ስመለስ፣ የእንደኔ ዓይነቷን ሴት እንቅልፍ በሕዝብ ፊት አንሥቶ የተናገረ አንድ ሰው እንደነበረ አስብ ነበር።

ዋናው ተቀናቃኙ አቶ ጉተማ ነበር። የዚያው የአቃቂ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ፣ መጋዘን ጽሕፈት ቤት የሚሠራ። ምልክቱ አምፖል ነው። መብራት፣ ቧንቧ፣ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመጣለሁ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አባባን መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አውልቆ ነው ሰላም የሚለው። የፋብሪካ ወጣቶች ከእሱ ጋር ነበሩ። ያም ሆኖ የዕድሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከመረጠ ካቦ ሳህሌ ያልፋል ይባል ነበር። ሮሪሳም ሌላ ሥራ መፈለጉን ትቶ ሕጉን መጠበቅ ጀምሯል። የሚጠይቀው ሰው ካለ፣ «ጋሼ ፓርላማ ይግቡ እንጂ እኔ እመለሳለሁ» ይላል።

የምርጫው ቀን ጠዋት እናቴ የአባባን ኮት እየተኮሰች ሳለ ጥሩንባው ተነፋ። የወንዝ ዳሯ እማማ ዲንቄ አርፈው ነበር። ከመንደሩ ሴቶች በዕድሜ የሚበልጧቸው አልነበረም፤ ባቡር ጣቢያው ሲሠራ ለሠራተኛው ወተት የሸጡ ናቸው ይባላል። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፣ ሰቦቃ የሚባል፣ አዋሽ ጣቢያ የሚሠራ። ከእኛ ጣቢያ ስልክ ተደወለለት። ከእኩለ ቀን በፊት በሚገባው ባቡር እመጣለሁ አለ።

ስለዚህ ማንም አልተጨነቀም። እማማ ዲንቄን ስድስት ሰዓት ላይ ቀብረን፣ ድልድዩን ተሻግረን ትምህርት ቤቱ ሄደን እንመርጣለን ተባለ። መምረጫው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ጊዜ ሞልቷል። ድንኳኑ ተተከለ። ሮሪሳና ሌሎች ወጣቶች ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሄዱ።

ባቡሩ አልመጣም። የሌሊቱ ዝናብ ከሞጆ ወዲያ አፈር ንዶ መስመሩን ዘግቶታል የሚል ወሬ ከጣቢያው መጣ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ አባባን ያያል። አባባ ማንንም አያይም።

በመጨረሻ ኦቦ ቡልቻ አጠገቡ ተቀመጡ። «ሳህሌ፣ ደንቡ የኛው ነው። ዛሬ ብቻ ፍቀድ። አሥር አሥር እየሆኑ ሄደው መርጠው ይመለሱ።»

«አይሆንም።»

«ዲንቄን ካንተ በፊት ነው የማውቃት። አሁን ብትነሣ በዱላ እያባረረች ሂዱ ምረጡ ነበር የምትለን።»

«ብትነሣማ ቀብሩ በቀረ።»

«አንተ ሰው፣ ቀልድ ስትጀምር ደግሞ በዚህ ቀን ነው?»

«አልቀለድሁም» አለ አባባ። «ዛሬ ብቻ ትለኛለህ። ሥራ አስኪያጁስ ያለው ምንድን ነው? ከቀብሩ ሥራዬ ይበልጣል ነው ያለው። እኔ ሬሳ አስቀምጬ ሰውን ለራሴ ጉዳይ ከላክሁ፣ እዚያ ገብቼ ስለ ቀብር ምን አፍ አለኝ?»

ሮሪሳ ከጉድጓዱ ተመልሶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ በድንኳኑ አፍ ቆሞ ይሰማ ነበር። ልጁ በሽማግሌ መካከል ገብቶ አያውቅም።

«ጋሼ» አለ፤ «እኔ ቀብር ሄጄ ሥራዬን አጣሁ። ዛሬ ደግሞ ቀብር ላይ ተቀምጠን ሕጉን ልናጣው ነው። እኔ ታዲያ ምን ልሁን?»

አባባ ቀና ብሎ አየው። እኔ ከሴቶቹ ጋር በጓሮ በኩል ነበርኩ፤ ፊቱ ይታየኛል። እሺ የሚል መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ያስቀየምኩህ እኔ ነኝ» አለው። «ደንቡን አልፈታም። አንተ ግን ሂድ፤ ምረጥ። እኔ አላየሁህም።»

አባባ አላየሁም የሚል ሰው አልነበረም። ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደው ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሮሪሳ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እግሩን ሣሩ ላይ ጠረገና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ሌላው ምን ብሎ ይነሣ?

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «የሰው ቀብር ሲጠብቅ የራሱን ቆፈረ» አለች በቀስታ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ሰቦቃ ከጣቢያው እየሮጠ መጣ። እናቱን አየ፣ አለቀሰ፣ ሬሳው ወጣ። ዝናብ ጀመረ። ቄሶቹ ጸሎቱን አላሳጠሩም፤ አባባም እንዲያሳጥሩ አልጠየቀም። እማማ ዲንቄ አፈር እንደለበሱ ጥቂት ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥተው ወደ ድልድዩ ሮጡ። የቀረው ሰው እንደ ወጉ ወደ ሟች ቤት ተመልሶ እጁን ታጠበ፣ ንፍሮ ተካፈለ። የሮጡት ብዙ ሳይቆዩ በውሃ ርሰው መጡ። የድምፅ መስጫው ሳጥን ከታሸገ በኋላ ነው የደረሱት።

በሠልስቱ ውጤቱ ተሰምቶ ነበር። አቶ ጉተማ አልፏል። በዚያው ቀን፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ለቅሶ የመጣን ሰው መመለስ አይቻልም። አባባ ብድግ አለና የራሱን ቦታ ሰጠው።

አቶ ጉተማ እማማ ዲንቄን እያነሣ ቆየ፤ በልጅነቱ ሽምብራቸውን ሲሰርቅ ይዘው በጆሮው እየጎተቱ እናቱ ዘንድ እንደወሰዱት አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ሳህሌ፣ ለምን ሰው አልላኩም? የእርስዎ ሰዎች ቢመጡ እኔ አላልፍም ነበር» አለው።

«ሬሳ ቤት አስቀምጬ?»

«እኔ ብሆን እልክ ነበር።»

«አውቃለሁ። ብትልክም አልቀየምህም ነበር» አለ አባባ። «አሁን ግን አንድ ጊዜ ስማኝ።»

ጠጠር ክምር ላይ ቆሞ የተናገረውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው። በዚህ ጊዜ እጁ አላስቸገረውም። አቶ ጉተማ ንፍሮውን እየቆረጠመ ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ፣ «ቃል እገባልዎታለሁ፣ አነሣዋለሁ» አለ።

«ቃል አትግባ። አስታውስ ብቻ» አለው አባባ።

መብራቱ መጣ። ቧንቧውም መጣ፤ እናቴ ከእንግዲህ ወንዝ አልወርድም ብላ ለአቶ ጉተማ ዕድሜ ተመኝታለታለች። የቀብሩን ነገር አቶ ጉተማ ምክር ቤት ውስጥ አንሥቶት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ፋብሪካውም ሮሪሳን አልመለሰውም።

ለራሱ ድምፅ ሲለምን ያላየሁት አባቴ ለሮሪሳ ሲል የጣቢያውን ሹም ደጅ ጠና። ጠዋት ጠዋት ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሹሙ ያልፈዋል፤ እሱ በማግሥቱም ይቆማል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተሳካለት፤ ሮሪሳ ከአባባ ሰዎች ጋር ሀዲድ ላይ ገባ። ሥራው ከክር ክፍሉ የከበደ፣ ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅበት ነው። ያም ሆኖ ከመስመር ላይ ሆነው ጥሩንባ ሲሰሙ አንድ ሰው ለሀዲዱ ይተዉና ይሄዳሉ። ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ካቦው ራሱ ቀድሟቸው ወደ ለቅሶው ሄዷል።