የመርሳ ብሎኬትና የእማማ የሺ ብርቱካን

ከወልድያ መናኸሪያ ጠዋት የተነሣሁት ወደ መርሳ ነው። ሥራዬ ብሎኬት ማምረቻዎችን እየዞርኩ፣ ምርታቸው አካባቢውን ሳይጎዳ ይዘልቃል ወይ ብዬ መመዘን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴና አገጬ ተገጣጥመዋል።

«ወንድሜ፣ ገና ልትጭን ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«አብሽር! ወሎ ተጣቦ ነው የሚፋቀረው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ብስጭቴን ዋጥኩት። ሲሪንቃ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ጨመረብን።

መርሳ

የማምረቻው ባለቤት ደሳለ እኩያዬ ነው። መዳፉ ሲሚንቶ ስለነበር ክንዱን ሰጠኝ፤ ጨበጥኩት።

«ሥራህ ዘላቂ ነው ወይ?» አልኩት።

«ዘላቂ? ቆይ ላሳይህ!» አንድ ብሎኬት ከራሱ በላይ አንሥቶ ለቀቀው። ድም! ጥጉ እንኳ አልተሸረፈም። «የልጅ ልጅህ ይሞሸርበታል!»

ጉድ እኮ ነው! እኔ ስለ አካባቢው ስጠይቅ እሱ ስለ ግድግዳው ይመልስልኛል። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አሸዋውን ከየት እንደሚያመጣ ስጠይቀው ግን ፊቱ ቀዘቀዘ፤ ወደ ወንዙ ይዞኝ ወረደ።

ወንዙ ዳር

ዳርቻው አሸዋ በሚቆፍሩ ሰዎች ተቦርብሯል። ከላይ የእማማ የሺ የብርቱካን ማሳ አለ። ጠርዙ ላይ ያሉት ዛፎች ሥሮቻቸው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የሚመጣው ክረምት ጠርጎ ይወስዳቸዋል። እማማ የሺ ከዛፎቹ ሥር ቆመዋል።

«ለምን አቁሙ አይሏቸውም?» አልኳቸው ሰላምታ ሰጥቼ።

ከታች አካፋ የያዘ ጎልማሳ አሳዩኝ። «ያ ልጄ ነው። ሲያጠጣው የኖረውን ዛፍ አሁን እሱው ይቦረቡረዋል። ልጮህበት እልና፣ የሚያገኛትን ይዞ የሚመጣው ለኔው ነው። ምን ልበለው ልጄ?»

ደሳለ አንገቱን ደፋ።

«ከድንጋይ መፍጫው የሚተርፍ ዱቄት እዚያ ማዶ ተከምሯል» አለኝ ስንመለስ። «ሞክሬዋለሁ፤ በአሸዋው ምትክ ይሆናል። ልጃቸውም እሱን ቢጭንልኝ ሥራ አያጣም። ግን ብሎኬቱ ይጠቁራል። ሰው ገና ሲያየው ይሸሻል፤ ማን ይገዛኛል?»

ስልኩን መዝግቤ የመልስ ሚኒባስ ያዝኩ።

ቤት

ወልድያ ስገባ ደጄ ላይ ብሎኬት ተራግፎ ቆየኝ። ለጀመርነው ክፍል ባለቤቴ ያዘዘችው ነው።

«ከመርሳ ነው» አለች ደስ ብሏት። «የደሳለን የሚያህል የለም አሉኝ። የቀረውን ነገ ይጭንልናል።»

አንዱን አነሣሁና ቶሎ መልሼ አስቀመጥኩት። እማማ የሺ ከነዛፎቻቸው ፊቴ ድቅን አሉብኝ። እኔ ለካ እስከ መርሳ የሄድኩት የደጄን ጥያቄ ይዤ ኖሯል። ወዲያው ደሳለ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬ ወልድያ ያራገፍከው ለኔ ቤት ነው፤ ቀሪውን ብሎኬት ከዱቄቱ ሥራልኝ።»

«ይጠቁራል አልኩህ እኮ!»

«ይጥቆር። የእማማ የሺን ልጅ ከወንዙ ጥራው፤ ዱቄቱን እሱ ይጫን።»

«ወላዲቷን፣ ነገውኑ እጠራዋለሁ!» ብሎ ጮኸ።

አሁን የቀረችው ባለቤቴ ናት። ግማሹ ግድግዳችን ጥቁር ሊሆን ነው ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እኔ ጭቅጭቅ ስጠብቅ እሷ ብሎኬቱን አየት አደረገችና፦

«ታዲያ ቀለም ለምን ተፈጠረ?» አለችኝ።