ማንም ሳያደራጃቸው የሚደራጁት

ሆሳዕና ከተማ የምርምር ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ሆኜ በገባሁበት ቀን ተመራማሪዋ ዶክተር ማርታ አንዲት ጠብታ አሳዩኝና «ምን ይታይሃል?» አሉኝ።

«ውሃ» አልኩ።

«ጎበዝ። እዚህ ያላየኸውን አየሁ አትበል።»

ውሃው ውስጥ ፔፕታይድ ነበረ፤ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ማንም ሳያዘው እርስ በርሱ እየተያያዘ ዓይን የማያየው ቱቦ ይሆናል። የእኛ ሥራ ቱቦው ላይ ኢንዛይም የሚባለውን ፕሮቲን ማጣበቅና ቀጭን ሽቦ ላይ ማሳረፍ ነበር። ስኳር ሲነካው የመለኪያው ቀስት ይነሳል። የዶክተር እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ለምርመራ ከሀደሮ ሆሳዕና ይመላለሳሉ። ዶክተር እቤታቸው የሚቀመጥ መመርመሪያ ሊሠሩላቸው ነው የሚደክሙት።

ኢንዛይሙ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር፤ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ይበላሻል። ከውጭ እስኪመጣ ዓይናችን ቀልቷል።

ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የመስተንግዶ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የግዥ ክፍሉ አቶ ሸምሱ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ እንግዳ የሚያከብሩ። በጉብኝቱ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ለስላሳ መጠጥ ሞልቶታል። ብልቃጡ የጋለው ማድረቂያ ምድጃ አናት ላይ ተቀምጧል።

«አቶ ሸምሱ፣ ምን አደረጉን?»

«ምን ሆነ? አልጣልነው! ደረቅ ቦታ ነው ያስቀመጥንላችሁ።»

ዶክተር ትኩሱን ብልቃጥ አንስተው ወደ መለኪያው ወሰዱት።

እንግዶቹ ገቡ። መሪያቸው የዶክተርን ገለጻ ሰምተው «በራሳቸው ይደራጃሉ?» አሉ።

«አዎ።»

«አንድ ለአምስት?»

«እልፍ ሆነው ነው፣ ጌታዬ።»

«መሪያቸውስ?»

«የላቸውም።»

ሰውየው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «መሪ የሌለው አደረጃጀት ለኪራይ ሰብሳቢነት በር ይከፍታል» አሉ። ተከታዮቻቸው ጻፉ።

ዶክተር የስኳር ውሃ ጠብ አደረጉ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። የክፍላችን ኃላፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀስቱን በጣትህ ነካ አድርገው እንጂ!» አሉኝ። ዶክተርን አየሁ።

«ጴጥሮስ፣ ምን ይታይሃል?»

«ምንም፣ ዶክተር።»

«ትክክል። ፕሮቲኑን ሙቀት ገድሎታል» አሉ ለእንግዶቹ።

ከዚያ ለስላሳው ቀረበ። እውነት ለመናገር፣ ግሩም ቀዝቅዞ ነበር።

በግምገማው ዶክተር ማርታ «ፕሮቲኑን በአግባቡ አላነቃነቁም» ተብለው ተተቹ፤ ምርምሩም ታጠፈ። አቶ ሸምሱ ምስጉን ሠራተኛ ሆነው ተሸለሙ። በዚያው ሳምንት የዶክተርን እናት መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ለምርመራ መጥተው ነበር።

«ያ የልጄ መሣሪያ ደረሰ ወይ?» አሉኝ። አልደረሰም አልኳቸው።

እናንተ ወጣት ባልደረቦቼ፣ የላብራቶሪ ማቀዝቀዣ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም እናንተ ኪስ ይደር።